የብርድ ታሪፍ

ትናንት ከሰዓት በኋላ እናቴ «ሹራቤን ከሣጥን አውጪልኝ» አለችኝ። ክዳኑን ሳነሳው የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ቆነጠጠው። ከእሱ ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ የበግ ጠጉር፣ ጥቂት ጭስ፣ ጥቂት እርጥብ አፈር። ይህን ያህል ዓመት ታጥቦና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደጋዋ የገረሴ ጭስ ሊቀርበት እንደማይችል አውቃለሁ። አፍንጫ ግን ያሻውን ነው የሚያሸተው። እዚያው ሣጥኑ ሥር ቁጭ እንዳልኩ የዚያን ቅዳሜ መንገድ በሐሳቤ ደርሼ መጣሁ።

አርባ ምንጭ ላይ ሹራብ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ምንም። እናቴ በኮረዳነቷ፣ ሰሜን ደጋ አገሯ ሳለች፣ በገዛ እጇ የሠራችው ነው። አባቴ እዚህ ዞን መሥሪያ ቤት ሲመደብ ከሙሽርነት ዕቃዎቿ ጋር ይዛው ወረደች። ከዚያ ወዲህ የሹራቡ ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅና ተመልሶ ሣጥን መግባት ሆነ። ስታጥፈው «አንተም እንደኔ እዚህ ታስረህ ቀረህ» ትለዋለች።

ቤታችን ሴቻ ነው። ሴቻ ከፍ ያለ ስለሆነ ከታች ከሲቀላ ይሻላል፣ ነፋስ አለው ይላሉ ሰዎች። «አዎ፣ የሞቀ ነፋስ» ትላለች እናቴ። መጋቢት ሲገባ ጭራሽ ትሸነፋለች። ሲሚንቶው ወለል ላይ ውኃ ትረጭና እግሯን ዘርግታ፣ በካርቶን ቁራጭ ፊቷን እያራገበች ትቀመጣለች። ወርቅ አትጠይቅም፣ ልብስ አትጠይቅም። ምኞቷ አንድ ነበር። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ጥርሴ በብርድ ሲንቀጫቀጭ ብሰማ!»

አባቴ በዚህ ይስቅባት ነበር። እሱም የደጋ ልጅ ነው፤ ግን ብርድ በልጅነቱ አሳሩን ስላሳየው፣ አርባ ምንጭ የወረደ ዕለት ከብርድ ጋር እንደተፋታ ይናገራል። «ሰው ከብርድ ለማምለጥ ይከፍላል እንጂ ብርድ ለመግዛት ይከፍላል?» ይላታል። እሷ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ደግሞ አይችለውም። አንድ ማታ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ትክ ብሎ ሲያያት ቆየና «እሺ፣ ደጋ፣ ገረሴ ወጥተን እንውላለን» አለ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «ግን» አለ ጣቱን አንስቶ፣ «በርካሽ መኪና ነው።»

መከራው የጀመረው ከዚህች ቃል ነው። ደመወዙ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ሦስታችን በሚኒባስ ደርሰን ብንመለስ ወሩ ይጎድላል። ግን ደመወዙ ቢጨመርለትም የሚተወው አይመስለኝም፤ ይወደው ነበር። ሌላው ሰው ኳስ እንደሚወድ እሱ ታሪፍ ማስቀነስ ይወዳል። መናኸሪያ ገብቶ አይሳፈርም። ከበሩ ውጪ ካለችው ሻይ ቤት ይቀመጥና ሾፌሮችን ያጫውታል። «ሞልቶ ከሚሄድ መኪና ጋር አትከራከሪ» ይለኛል። «ባዶውን ፈልጊ። ባዶ ለሚሄድ ሾፌር የምትሰጪው ሁሉ ትርፉ ነው፤ ደግሞም ወሬ ይናፍቀዋል።» ለወሬው ሲል የጋበዘው ሻይ ቢደመር ሚኒባሱን ይከፍል ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጭንቀቴ ሁሉ ከረዳቶች ጋር ሲከራከር የክፍሌ ልጆች እንዳያዩት ነበር።

ሳምንታት ሄዱ። በየምሽቱ ከሲቀላ ሲመለስ እናቴ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «አገኘህ?» ትለዋለች። አንዱ ባዶ ይወጣል፣ ግን እዚያው ያድራል። ሌላው በዕለቱ ይመለሳል፣ ግን ጋቢናው ተይዟል፤ እናቴ ደግሞ ወገቧን ስለሚያማት ከጋቢና ሌላ አይሆንላትም። አንዱ ጋር ሁሉ ነገር ተሳክቶ፣ ልንሄድ ስንል መኪናው ጋራዥ ገባ። «ግድ የለም» ትላለች፤ ፊቷ ግን ግድ እንዳለው ያስታውቃል። የበልጉ ዝናብ ደግሞ እየቀረበ ነበር። ከበረታ የተራራው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ መኪናም እንደልብ አይወጣም፤ ጉዞው ለከርሞ መተላለፉ ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ያሞቀችውን ሹራብ ወደ ሣጥኑ ስትመልሰው አየኋት።

አንድ ዓርብ ግን አባቴ ገና ከበር «ነገ!» እያለ ገባ። ድንች ሊያመጣ ባዶውን ገረሴ የሚወጣ አይሱዙ አግኝቷል። ጭኖ በዕለቱ ይመለሳል። ጋቢናው ለእናቴ ነው። ዋጋው ደርሶ መልስ የሚኒባሱ ግማሽ። ይህችን የመጨረሻዋን ደጋግሞ ነገረን።

ጠዋት ከከተማው ዳር ተሳፈርን። እናቴ ሹራቧን ጭኗ ላይ፣ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። እኔና አባቴ ከኋላ፣ ድንቹ የሚጫንበት ላይ ብረቱን ይዘን ቆምን። አባቴ የቢሮ ኮቱን ለብሷል። መኪናው ሲዘል አብሮ ይዘላል፣ ሲያርፍ ኮቱን ያስተካክላል። የሙዝ ማሳውን እያለፍን ትኩሱ ነፋስ ፊታችንን ይጠብሰዋል። ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ስንቀድም ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለና «አየሻቸው? እጥፍ ከፍለው እየታፈኑ ነው!» ብሎ ጮኸ። እፍረቴን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ እኔም ሳቅሁ። ዳገቱን ስንይዝ ሙዙ ቀረ፣ እንሰቱ መጣ፣ ቀጥሎ ቀርከሃው። ሐይቁ ከኋላችን ወደ ታች እየራቀ፣ ብርሃኑ ብቻ ብልጭ እያለ ቀረ። በጋቢናው የኋላ መስተዋት ሳይ እናቴ ገና ላቧ ሳይደርቅ ሹራቧን እየለበሰች ነው።

ገረሴ ስንደርስ ፀሐይ። ሰማዩ ላይ አንዲት ዳመና የለችም። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ቆዳ ይለበልባል። እናቴ በእልህ ሹራቧን አላወልቅም ብላ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። አባቴ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ።

ለሾፌሩ ድንቹን የምትሸጠው የገረሴ ሴት ግቢዋ አስገብታ እንሰት ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጠችን። ትኩስ ቅቅል ድንች ከዳጣ ጋር አቀረበችልን፤ ጾም ነበርና ደስ አለን። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል። አፍ የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ ሁላችንንም እኩል «አንተ» ነበር የምትለን፣ እናቴን ጭምር። አባቴ ለምን እንደመጣን ሲነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ለብርድ? ብርድ ፈልገህ መጣህ?» አለቻት እናቴን። ከዚያ አሳዘነቻት መሰለኝ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት። «ቆይ እናቴ። በልግ ነው። ከሰዓት ጉም ይመጣል።»

ጠበቅን። እናቴ ሰማዩን ታያለች፣ አባቴ መኪናውን። ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ እየተደረበ ድንቹ ተራራ አከለ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጥሩምባው ጮኸ፤ ረዳቱ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ «ጋሼ፣ ልንወጣ ነው!» አለ።

እናቴ ብድግ አለች። ሹራቧን አወለቀችና እጅጌውን በእጅጌው ላይ አድርጋ፣ ሣጥን ልትከተው ስትል እንደምታጥፈው፣ ቀስ ብላ አጠፈችው። «በቃ፣ አየሩን አየሁት። ተመስገን። እንሂድ» አለች። ድምፅዋ ላይ ቅሬታ የለም። ቅሬታ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

አባቴ የታጠፈውን ሹራብ አየ። በዚህ መሃል ሴትዮዋ በአገጯ ቁልቁል አመለከተች። «ያውና፣ ተነስቷል።» ከታች፣ ከቀርከሃው ሥር፣ አንድ ነጭ ነገር ዳገቱን መያዝ ጀምሯል።

«እዚህ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አላት አባቴ።

«እሱ ሰዓት የለውም። ይመጣል።»

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። አባቴ ወደ መኪናው ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ሾፌሩን ጠብቀን ሊለው ነው ብዬ ነበር። ሾፌሩ የጋቢናውን በር ከፍቶ መቀመጫውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። አባቴ በሩን መልሶ ዘጋው።

«አንተ ሂድ ወንድሜ። እኛ እንቆያለን።»

«ጋሼ፣ ከኔ ሌላ የሚወርድ የለም እኮ! ኮንትራት ካልያዙ በስተቀር።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

ሙሉ መኪና ኮንትራት መያዝ ማለት አባቴ የሰነፍ ሥራ ብሎ የሚሰድበው ነገር ነው። ወደ ግቢው ስንመለስ «ለእናትሽ ሞልቷል ነው የምንላት» አለኝ ሳያየኝ። እንዳለውም «ጋቢናውንም በድንች ሞሉት፤ ቦታ የለም» አላት። «ውይ! ታዲያ በምን እንመለሳለን?» አለች። «ይገኛል» ብሎ አጠገቧ ቁጭ አለ። የአይሱዙው ድምፅ ቁልቁል እየራቀ ሄደ፤ የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ጠፋ።

ጉሙ እንደ ሰነፍ ተማሪ እየተንቀራፈፈ ነበር የመጣው። መጀመሪያ ከታች ያለው ቤት ጠፋ። ቀጥሎ አጥሩ። ዶሮዎቹ ከመቅጽበት ተሰበሰቡ። የእንሰቱ ቅጠል ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ የጎረቤቱ ጭስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት መሬት ለመሬት መጣብን። ፀሐይዋ ነጭ ሳንቲም ሆና ቆየችና እሷም ሄደች። እናቴ ሹራቧን ለበሰች። ከላይ ጋቢዋን ደረበች። ዓይኗን ጨፍና ቁጭ አለች። ከዚያ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችን።

«ስሙ!» አለች። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። «ስሙ፣ ስሙ!»

በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቁና መንቀጥቀጡ ተደባልቆ መናገር አቃታት፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ቤት የምትመራው፣ ወገቧን የሚያማት እናቴ አልነበረችም፤ አገሯ ያለች ኮረዳ ነበረች። ሴትዮዋ አጨበጨበች። አባቴን ዞር ብዬ ሳየው በቢሮ ኮቱ ተኮራምቶ፣ ከብርድ የተፋታው ሰውዬ አፍንጫው እርጥብ ሆኖ፣ እሷን እሷን ያያል። እናቴ የጋቢዋን አንድ ጫፍ አነሳችና «ና ግባ፣ አንተ ሰው፣ ትሞትብኛለህ!» አለችው። እኔና ሴትዮዋ እያየናቸው፣ በቀን ብርሃን፣ ገባ። እጅ ለእጅ ተያይዘው እንኳ መንገድ አይሄዱም ነበር እኮ!

በዚያ ሰዓት የተገኘው አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ባለቤቱ እኛን አየ፣ ጉሙን አየ፣ ዋጋውን ጠራ። እኔ የአባቴን ትርዒት ጠበቅሁ፤ በመጀመሪያ መሳቁን፣ ጥሎ መሄዱን፣ ከዚያ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው መመለሱን። አባቴ «እሺ» አለ። መኪና ፊት ቆሞ ያቺን ቃል በአንድ ጊዜ ሲላት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

መንገድ ላይ እናቴ «ስንት ጠየቀህ?» አለችው። «ያው በግማሽ» አላት ወደ መስኮቱ ዞሮ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከሲቀላ ሴቻ ያለውን ዳገት በዚያ ሐሩር ታክሲ ትቶ በእግሩ ይወጣ ጀመር። ሐኪም አዞኝ ነው ይላል። ላቡን እየጠረገ ሲገባ እናቴ ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እኔ ዛሬም ሚኒባስ ስይዝ ሳላስበው ባዶ የሚሄደውን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ባገኘውም አልከራከርም፤ ችሎታው የለኝም።

ትናንት ሹራቡን ይዤላት ስወጣ እናቴ በረንዳው ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ፣ በጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ዘንድሮ እንዲህ ሆናለች። ሐኪሙ ደም ማነስም ነው ዕድሜም ነው ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ሙቀቱን ሲያማርር የእሷ ጣቶች በረዶ ናቸው። ሹራቡን አለበስኳት፤ ሰፍቷታል። ቁልፉን ስቆልፍላት እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ስሚ» አለችኝ። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

ጋቢዋን ከላይ ደረብኩላት። እሷ ግን እየሳቀች ነበር። «አባትሽ ይኼን ሳያይ! ያኔ ስንት ከፍሎበት፤ አሁን በነጻ ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል።»

«በግማሽ ነው ብሎሽ አልነበር?» አልኳት።

«ሞኝሽን ፈልጊ። ያለቀ ጫማውን ማን ያሰፋለት ነበር?» አለች። ከዚያ የጋቢዋን አንድ ጫፍ አነሳችልኝ። «ነይ ግቢ።»

የመጋቢት ፀሐይ ነው፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ላቤ እየተንጠባጠበ ገባሁላት።