የእባቡ ዋስ

እባቡን ያሳወርሁት እኔ አይደለሁም። ይህ ይጻፍልኝ።

ትናንት ጎተራውን ስጠርግ እባብ የጣለው ቆዳ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የገብስ ብናኝ የሚሸት። የልጅ ልጄ ጮኸች። እኔን ግን ወደ ልጅነቴ፣ ስማዳ አባቴ ቤት መለሰኝ።

በዚያ ቤት ከጎተራው ሥር አንድ ቡናማ እባብ ይኖር ነበር። አይጥ ስለሚይዝልን አይነካም። ውኃ በገል የማቀርብለት እኔ ነበርሁ፤ እግሬን ታክኮ ያልፋል።

አንድ በጋ ዓይኖቹ እንደ አጓት ነጡ፤ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣው ታላቅ ወንድሜ አየውና፣ "አባባ፣ ይቺ ናት! እዚህ በርበሬ ስትወቅጥ አሳወረችው" አለ።

በርበሬ መውቀጤ እውነት ነው። ግን አምናም ዓይኖቹ እንዲሁ ነጥተው፣ ቆዳውን ሲጥል ጠርተው ነበር። ብናገር ማን ሰማኝ?

አባቴ ዱላ አነሡ። "የታወረ እባብ ያገኘውን ይነድፋል። ይገደል።"

"ሌባ እንኳ ሳይጣራ አይቀጣም። የሦስት ቀን ቀጠሮ ይስጡኝ" አልኋቸው።

ሳቁ። "ጠበቃ ወልጃለሁ! በይ እንግዲህ ዋስ ጥሪ፤ ሰው ቢነድፍ የሚጠየቅ።"

እናቴ ገብሷን እያበጠረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "እኔ አለሁላት" አለች።

አሮጌ ነጠላ ውኃ ነክሬ ከሸካራ ድንጋይ ጋር አጠገቡ አኖርሁለት። በሦስተኛው ቀን፣ የቀትር ብርሃን በግድግዳው ስንጥቅ ሲገባ፣ አፉን ከድንጋዩ ያሽ ጀመር። ቆዳው ከከንፈሩ ተገልብጦ እየተንሿሿ ወረደ። ጅራቱ ላይ ሲይዘው በእርጥቡ ነጠላ ላላ አድርጌ ያዝሁለት፤ ራሱ ተስቦ ወጣ። ዓይኖቹ እንደ ጥቁር አዝሙድ ጠቆሩ።

ቆዳውን ይዤ ወደ አባቴ ስሮጥ ወንድሜ ቀደመኝ። "ዳዊት ደግሜለት ነው የዳነ።" አባቴ እሱን መረቁት። እኔ ተድሬ እስክወጣ "አሳዋሪዋ" ተብዬ ቀረሁ።

ዛሬ ወንድሜ መሪጌታ ነው፤ አገሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል። እኔ አልለውም፤ ክሱ ያልተዘጋ ሰው አንቱ አይባልም። ዓይኑንም ሞራ ጋርዶታል። ጧት ሄጄ የትናንቱን ቆዳ መዳፉ ላይ አኖርሁለት። በጣቱ ዳበሰው፤ አወቀው።

"ማን አሳወረው?" አልሁት።

"በእንጨት የጎነተልሁት እኔ ነበርሁ። ያሳወርሁት መስሎኝ፣ አባባን ፈርቼ ባንቺ አሳበብሁ። ዳዊቱን የደገምሁት ግን ከልቤ ነው፣ እኅቴ። እያለቀስሁ ነው የደገምሁት።"