ያልተኛችው እንቅልፍ

ክዋምቦካ ስትተኛ ታንኮራፋለች። ይህን የካራጊታ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም አትክድም። ቤቶቹ ጎን ለጎን የተለጠፉ የቆርቆሮ ክፍሎች ናቸው፤ በአንዱ ቤት የወደቀ ማንኪያ በሦስተኛው ቤት ይሰማል። ከግድግዳዋ ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ናሊያካ ጠዋት ጠዋት ትተርባታለች።

«ማማ ኔማ፣ ትናንት ማታ የናይሮቢ ባቡር በአልጋዬ ሥር አለፈ መሰለኝ።»

«ታዲያ ቲኬት አልቆረጥሽም?» ትላታለች ክዋምቦካ፣ የሥራ ቱታዋን እየቆለፈች። ከዚያ ትንሿን ልጇን ኔማን ግንባሯ ላይ ስማ ወደ አበባ እርሻው አውቶቡስ ትሮጣለች።

እንዲህ ብታንኮራፋ አይፈረድባትም። ሥራዋ በእርሻው የመደርደሪያ አዳራሽ ውስጥ ጽጌረዳ በርዝመቱ መለየት፣ ቅጠሉን መመልመልና በእቅፍ በእቅፍ ማሰር ነው። አዳራሹ አበባው እንዳይጠወልግ ተብሎ ቀን ከሌት ይቀዘቅዛል፤ ስለ ሰው ጉልበት ያሰበ የለም። የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ ደግሞ ያ ሁሉ ፈረንጅ የሚዋደደው በእነ ክዋምቦካ ወገብ ነው። አለቃው «ኦቨርታይም የሚገባ?» ሲል ሌሎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ እሷ ግን እጇን ቀድማ ታወጣለች። በዕረፍት ቀኗም የሰው ልብስ ታጥባለች። ቁጭ ባለችበት ሁሉ እንቅልፍ ይጥላታል፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዴም ፀጉሯን እየተሠራች።

ይህ ሁሉ ለማን ነው ቢባል፣ ግማሹ ለሞተር ብስክሌት ነው። የኔማ አባት ሰው አመላልስበታለሁ ብሎ፣ በእሷ ስም፣ ከሴቶቹ ማኅበር ብድር አስወሰዳት። ሞተሩ ተገዛ፤ ሰውየውም ሞተሩም አንድ ጠዋት ናኩሩ ደርሰን እንመጣለን ብለው በዚያው ቀሩ። ዕዳው ብቻ ቤት ቀረ። አንድ ቀን እንኳ ያልተፈናጠጠችበትን ሞተር በየእሑዱ ትከፍላለች። ሌላው ግማሽ ደግሞ ለመሬት ነው። ከሰፈሩ ከፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ መሬታቸውን እየሸነሸኑ ይሸጣሉ፤ ክዋምቦካ ሁለት ክፍል የምታስወጣ ቁራሽ ለምና አስይዛለች። አንዱ ክፍል ለእሷና ለኔማ፣ ሌላው የሚከራይ። ተከራይዋንም መርጣ ጨርሳለች፤ ናሊያካ ናት። ቀሪውን ገንዘብ የምታጠራቅመው ከበቆሎ ዱቄቱ ሥር በቀበረችው ጣሳ ውስጥ ነው። ሽማግሌው እስከ ወሩ መጨረሻ ሰኞ ድረስ ብቻ እጠብቅሻለሁ ብለዋታል።

ማኅበሩ የዋዛ አይደለም። ሴቶቹ አንዷ ለሌላዋ ዋስ ሆነው ነው የሚበደሩት። እሑድ ከሰዓት በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ የሳምንቱ ገንዘብ እስኪሞላ በሩ አይከፈትም። የጎደለባት ካለች ሌሎቹ ከጉያቸው ፈትተው ይሞላሉ፤ ከዚያ ተነስተው፣ እሷንም ይዘው፣ ቤቷ ሄደው ስትበደር ያስያዘችውን ዕቃ ያወጣሉ። ሶፋም ቢሆን፣ ቴሌቪዥንም ቢሆን። ዕቃው ዕዳዋን እስክትከፍል በአንዷ አባል ቤት ይቀመጣል። ስድብ የለም፣ ጠብ የለም። ተረኛዋ ነገ ማን እንደምትሆን ስለማይታወቅ ሁሉም በጨዋነት ይሸከማሉ።

ኔማን ያመማት ኦቨርታይሙ በጦፈበት ሳምንት ነው። እናቷ ሥራ ስትሆን ልጅቷን የምታውልላት የምታሳድርላት ናሊያካ ናት፤ በነፃ። የኔማ ደረት ሲታፈን፣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ናሊያካ የጀመረችውን የተማሪ ዩኒፎርም ጥላ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት ሮጠች። ለምርመራውም ለመድኃኒቱም ለማኅበሩ የእሑድ ክፍያ ካስቀመጠችው ከፈለች። ልጅቷ እስክትድንም አጠገቧ ተቀመጠች፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ ያንን ሁሉ ቀን ጨርቅ አልነካም። ዩኒፎርም ያዘዙት ወላጆች ጠብቀው ሲሰለቹ ጨርቃቸውን ተቀብለው ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ።

ክዋምቦካ ገንዘቡ ከየት እንደወጣ ስትሰማ አለቀሰች።

«ኦቨርታይሙ ዓርብ ይከፈላል። እሑድ ሳይደርስ እጅሽ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

«እግዚአብሔርን በዚህ አታስቸግሪው» አለች ናሊያካ። «ልጅቷ ተሻላት አይደል?»

ዓርብ ገንዘቡ መጣ። ክዋምቦካ ቀጥታ የናሊያካን በር ማንኳኳት ነበረባት። እሷ ግን መጀመሪያ ወደ ዱቄቱ ጣሳ ሄደች፤ ለማየት ያህል ብቻ። ሁለቱን ገንዘብ ስትደምረው የመሬቱ ሞላ። ልክክ አለ። ከእሱ ላይ አንዲት ሺሊንግ ብትነሳ ሰኞ አይሞላም፤ ሰኞ ካልሞላ መሬቱ የሌላ ነው። ጣሳው ላይ ተደፍታ ብዙ ቆየች። «ናሊያካ ብልህ ሴት ናት፣ ከሆነ ቦታ ታገኛለች። እኔ በሚመጣው ደመወዝ እሰጣታለሁ» አለች በሆዷ፣ ጣሳውንም መልሳ ቀበረችው። ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ብዙ መድከም አያስፈልገውም።

ቅዳሜ ማታ ናሊያካ ጨው ልትበደር መጣች። ክዋምቦካ ቆንጠር አድርጋ በወረቀት ሰጠቻት። ናሊያካ ጨውን ይዛ በሩ ላይ ቆም አለች፤ ኔማን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ «በይ ደህና እደሪ» ብላ ሄደች። የመጣችው ለጨው እንዳልሆነ ክዋምቦካ አላጣችውም።

እሑድ ስብሰባው በሊቀመንበሯ በሙምቢ ቤት ነበር። ገንዘቡ ተሰበሰበ፤ የናሊያካ ተራ ሲደርስ ግማሹን እንኳ የማይሞላ አስቀመጠች። ናሊያካ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ጎድሎባት አያውቅም።

«ምነው ማማ ዌኬሳ?» አለች ሙምቢ፣ ናሊያካን በልጇ ስም ጠርታ።

«ወጪ ገጠመኝ።»

«ምን ዓይነት ወጪ?»

«ወጪ ነዋ።»

ክዋምቦካ ከበሩ አጠገብ ጀርካን ላይ ነበር የተቀመጠችው። አሁን መናገር ያለባት እሷ ናት። ወጪው የእኔ ልጅ ናት፣ ገንዘቡም ቤቴ አለ፣ ሮጬ ላምጣው፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አፏን ልትከፍት ስትል ዱቄቱ ሥር ያለው ጣሳ ታያት፣ ከጣሳው ወዲያ ደግሞ መሬቱ። ከዚያ ያደረገችውን ነገር እስከ ዛሬ ለራሷ ማስረዳት አትችልም። ዓይኗን ጨፈነች። ራሷን ወደ ግድግዳው ዘንበል፣ አፏን ከፈት አደረገች፣ ትንፋሿን አረዘመች። በስብሰባ መሐል መተኛቷ አዲስ ነገር አይደለምና ማንም አልገረመውም።

«ይህችን ቀስቅሷት እስቲ» አለች ሙምቢ። «ጎረቤቷ አይደለች? ምን እንደገጠማት ታውቅ ይሆናል።»

«የእሷ እንቅልፍ ለሁላችንም ይበቃ ነበር» አለች ቀልደኛዋ አፒዮ። «ወንበር ስትሰጧት አልጋ ነው የምታደርገው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ክዋምቦካ ከጨፈነችው ዓይኗ በስተጀርባ የናሊያካን ድምፅ ሰማች።

«ተዉአት» አለች ናሊያካ። «ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ነው ያደረችው። አትቀስቅሷት።»

ገንዘቡ ከየጉያው ተፈትቶ ሲሞላ አፒዮ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ክዋምቦካ እንደ ባነነ ሰው ዓይኗን አሸች፤ እንደ ሌሎቹ ድርሻዋን ለቀለብ ከያዘችው ላይ አዋጣች። ከዚያ ሁሉም ተነስተው ወደ ናሊያካ ቤት ሄዱ። ያስያዘችው የልብስ ስፌት መኪናዋን ነበር።

መኪናው ከባድ ነው፣ በእግር የሚረገጥ፣ ከነብረት እግሩ። ናሊያካ ራሷ አንሶላዋን አለበሰችው። «የመንኮራኩሩን ቀበቶ ተጠንቀቁ፣ አርጅቷል» አለች። ሙምቢ ዞር ዞር ብላ አየች።

«ሩቅ አናጓጉዘው፣ ይሰበራል። ቅርብ ያለው ማን ቤት ነው? ማማ ኔማ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

መኪናውን በአንድ ወገን ናሊያካ፣ በአንድ ወገን ክዋምቦካ ይዘው አስገቡት። ከአልጋው ራስጌ ሌላ ቦታ ስላልነበረ እዚያው ቆመ።

ሰኞ ክዋምቦካ ለሽማግሌው ገንዘቡን አስረከበች። «እንግዲህ ባለ መሬት ሆንሽ» ብለው እጇን ጨበጡት። መሬቱ ላይ ቆመች። በሩ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ውኃው የት እንደሚጠራቀም ስንት ጊዜ አስባው ነበር፤ አሁን ስታየው ድንጋይና አረም ብቻ ነው። ተከራይዋ የምትገባበትን ክፍል ስታስብ አንገቷን ደፍታ ወረደች።

ያ ሳምንት ክፉ ሳምንት ነበር። ናሊያካ በረንዳዋ ላይ ቁልፍ በእጇ ስትተክል፣ ጠርዝ በመርፌ ስትቀምቅም ትውላለች፤ ኦቨርታይም ሲኖር ደግሞ እንደ ወትሮው መጥታ ኔማን ትወስዳለች። አንድ ክፉ ቃል ብትናገራት ክዋምቦካ እፎይ ባለች ነበር። ናሊያካ ያለቻት፣ «አቧራ እንዳይገባበት አደራ» ብቻ ነው። ስለ ባቡሩም ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድ ጠዋት እንኳ አላነሳችም። ተቀይማኛለች፣ ቀልዷን እንኳ ነፍጋኛለች፣ አለች ክዋምቦካ በሆዷ። ኔማ ደግሞ የመኪናውን መርገጫ በትንሽ እግሯ እየነካካች ትጠይቃለች።

«እማዬ፣ ማማ ዌኬሳ ለምንድነው እኛ ቤት ያስቀመጠችው?»

«አትንኪው!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች። ክዋምቦካ ወዲያው አቀፈቻት። በሥራ ቦታ ረጅሙን ጽጌረዳ ከአጭሩ ጋር አስራ አለቃው ተቆጣት። አልጋዋ ላይ ስትጋደም በአንሶላ የተሸፈነው መኪና እንደ ሰው ከራስጌዋ ይቆማል፤ ጀርባዋን ብትሰጠውም ያው ነው።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ቀርታ ሽማግሌው ጋ ሄደች።

«አባባ፣ ገንዘቤን ይመልሱልኝ።»

«ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? ገና ሦስት ቀን ሳይሞላሽ!»

«አላመመኝም። መሬቱን ለሌላ ይስጡት።»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ለድካሜ ነው ብለው ጥቂት ቆርጠው ቀሪውን መለሱላት። ከአጥሩ ሳትርቅ ሌላ ገዢ ሲጠሩ ሰማች፤ ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይጠይቃት የናሊያካን ዕዳ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሙምቢ ሁለት እጇን አነሳች።

«አያችሁ? ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው! ራሷ በዕዳ ተይዛ፣ ራሷ እንቅልፍ አጥታ እየሠራች! አጨብጭቡላት!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ አፒዮ እልል አለች። ክዋምቦካ ጭብጨባው ፊቷን ሲያቃጥላት ተሰማት። ዝም ብትል ነገሩ በዚሁ ያልቃል፤ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ መኪናው ይመለሳል፣ እሷም ደግ ሴት ተብላ ትቀራለች። ብድግ አለች።

«አታጨብጭቡ። ባለፈው እሑድ አልተኛሁም ነበር።»

«ምን?»

«እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማችሁ ነበር። የማማ ዌኬሳ ገንዘብ ያለቀው ኔማን ስታሳክም ነው። እከፍልሻለሁ ብዬ ምያለሁ፤ ገንዘቡም ቤቴ ነበር። ለመሬት ብዬ ያዝኩት።»

እጆቹ ሁሉ በየጭኑ ላይ ቀሩ። ሙምቢ የማኅበሩን ደንብ በልቧ ስትፈልግ ቆየችና፣ «ለዚህ እንኳ ቅጣት አላወጣንለትም» አለች።

ናሊያካ ጣቶቿን እያየች ነበር።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?» አለቻት ክዋምቦካ።

«ያልተኛሽ መሆንሽን። አንቺ ስትተኚ እኮ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ያን ዕለት ድምፅሽ አልነበረም።»

ያለወትሮዋ አፒዮ እንኳ አልሳቀችም። ክዋምቦካ ወደ ናሊያካ ዞረች።

«ታዲያ ለምን አትቀስቅሷት አልሽ?»

«ራስሽ ትናገሪ እንደሆነ ብዬ ነዋ» አለች ናሊያካ።

ያን ምሽት መኪናውን እንዳመጡት ሁለቱ ይዘው መለሱት። ናሊያካ አንሶላውን ገልጣ ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ ክር ሰካች፣ መርገጫውን ሞከረችው። ኔማ አጠገቧ ቆማ ትስቅ ነበር።

ማታ ክዋምቦካ አልጋዋ ላይ ተጋደመች። ራስጌዋ ባዶ ነው። ከቆርቆሮው ወዲያ መኪናው ይንኳኳል፤ ናሊያካ ያመለጣትን ሥራ ልታካክስ ነው። ቆይቶ ድምፁ ቆመ። ከዚያ ግድግዳው በጣት ተመታ።

«ማማ ኔማ።»

«አቤት።»

«ባቡሩ ዛሬም አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው ከረምኩ።»

ክዋምቦካ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ተኚ እንጂ» አለች ናሊያካ። «ነገ ሥራ አለሽ።»

መኪናው እንደገና መንኳኳት ጀመረ። ክዋምቦካ ብርድ ልብሱን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች፤ በዚያ ቤት ሁሉ ነገር ይሰማል።