የመሰላል ቃሬዛ

ከቤት የወጣሁ ለት ተራዬ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ቆቦ ያላችሁት ታጋልጡኛላችሁ። ከሮቢት ወረድ ባለው ቀበሌያችን የጎሊና ወንዝ ሲሞላ አምቡላንስ አይሻገርም። ሕመምተኛን በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ የሚያደርሰው ቅሬው ነው፤ ለማታውቁት፣ ቀባሪያችንም ተሸካሚያችንም የሆነው የመንደራችን ማኅበር ማለቴ ነው። ያን ቀን ከሰዓት አንዲት ሴት ምጥ ይዟት የቅሬው ጠሪ ስሜን "ሰይድ! ሰይድ!" እያለ ሲጣራ እኔ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ወደ መንገዱ እየሄድኩ ነበር። ሰማሁት። ወደ ሱዳን የሚያሻግረኝ ደላላ ቆቦ እየጠበቀኝ ስለነበር አልተመለስኩም። ሴትየዋ በሰላም መገላገሏን የሰማሁት ሱዳን ከገባሁ በኋላ ነው።

የባሕሩን ነገር ለተሻገረ ሰው አልነግረውም፣ ላልተሻገረው ደግሞ ብነግረው አያምነኝም። ብቻ ጀርመን ደረስኩ። እዚህ እኛ ቆቦ ላይ ጥላ ፍለጋ የምንሮጥላትን ፀሐይ ሰዉ ልብሱን አውልቆ ይለምናታል። ዳቧቸው እንደ ማሽላ እንጀራችን ጠቆር ያለ ነው፣ ግን ወጥ አይጠጣም። ይህን ሁሉ ለመድኩ። ያልለመድኩት አንድ ሐሳብ ነበር፤ ተራውን ጥሎ የጠፋ ሰው ስሙ ከቅሬው ይሰረዛል። የኔ ተሰርዞ እንደሆነ አባቴን ለመጠየቅ ስድስት ዓመት አፈርኩ።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ጎረቤቴ ፍራው ክላይን ደረጃ ላይ ወደቁ። አገሬው ቢሆን ስልክ ደውሎ ይጠብቃል። እኔ ግን እየጮህኩ በር ሁሉ ደበደብኩ። አንድ ቱርክ ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ፖላንዳዊ ቧንቧ ሠራተኛና አንዲት ተማሪ ወጡ። ከምድር ቤት የአከራያችንን መሰላል አመጣሁ፣ ብርድ ልብስ አሰርንበት፣ አሮጊቷን አስተኝተን ወደ ሆስፒታል ጉዞ ጀመርን። ተማሪዋ የጠራችው አምቡላንስ የደረሰብን መንገድ ዳር፣ ቀዩ መብራት እስኪለቀን ቆመን ሳለ ነው።

"ለምን አልጠበቃችሁም?" አለ ሐኪሙ።

"ወንዙ ሳይሞላ ብለን" አልኩት፣ ከአፌ አመለጠኝ። ሰውየው ወንዙን ፍለጋ ዞር ዞር አለ።

ማታውን አከራዬ መጣ።

"መሰላሉን ማን ፈቀደልህ?"

"ፍራው ክላይን።"

"እሳቸው እኮ መሰላሉ ላይ ነበሩ።"

"አዎ፣ እዚያው ላይ ሆነው ነው የፈቀዱልኝ።"

አሮጊቷ ደህና ሆኑ። ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ጽፈውልኝ ለጎረቤት አገልግሎት የሚሰጠውን የምስጋና ወረቀት ተሸለምኩ። ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል። አሁን እንኳ ቅሬው ይቅር ይለኛል ብዬ ወረቀቱን ይዤ የተነሣሁትን ፎቶ ለአባቴ ላክሁና ደወልኩ።

"አባ፣ አየኸው?"

"አየሁት ልጄ። ኮቱ የማን ነው?"

"የኔ ነው እንጂ።"

"ማሻአላህ። ወረቀቱን የጎረቤት ልጅ አነበበልኝ። ያንተ ስም ብቻ ነው ያለበት አለኝ። ቃሬዛውን ብቻህን ነው የያዝከው?"

"አይ፣ አራት ነበርን።"

"ሦስቱስ?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"አንተስ አፍ የለህም? እንግዲያ ለአራት ቀደህ አካፍላቸው" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ፊቴ ጋለ። ሳቁ ሳያልቅ ብዬ ጠየቅሁት።

"አባ፣ ስሜ ከቅሬው ተሰረዘ?"

"ማን ይሰርዘዋል? ተራህ በደረሰ ቁጥር እኔ እገባልሃለሁ።"

"አንተ? በዚህ ዕድሜህ?"

"ባለፈው ሰኞም ገብቻለሁ። ጎሊና ደረቴ ድረስ ነበር። ሰውየውን አድርሰነዋል፣ አልሃምዱሊላህ።"

በዚያ ውኃ ውስጥ የሱን ትከሻ አስቤ አለቀስኩ፤ ድምፄን ሰምቶ መሰለኝ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"አብሽር ልጄ፣ እኔ አልከበደኝም። ብቻ ቃሬዛው ለኔ የወጣ ለት የሚተካልህ ሰው የለም።"