በተገዛ እግር፣ በተገዛ ማጭድ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

የኅዳር ብርድ ጣት ይቆርጣል። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጮኻል፤ ረዳቱ «ኤልያስ! ኤልያስ!» እያለ ይጣራል። መንገዱ ዛሬ ክፍት መሆኑን ከሁለት ሰው አጣርቻለሁ። ታሪፉ መቶ ሃያ ብር ነው ተብሎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ረዳቱ መቶ ስልሳ ጠየቀኝ። ተከራክሬ መቶ አርባ ከፈልሁ።

ወደ ደብረ ኤልያስ የምሄደው ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ እህቴ አንጓች ትናንት ደውላ፣ «ወንድምዓለም፣ ስንዴዬ ደርሶ ቆሟል፤ የሚያጭድልኝ ጠፋ፤ ሰማዩም አላማረኝም» አለችኝ። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። የእሷና የልጆቿ የዓመት ቀለብ ያ አንድ ማሳ ነው። ዳገት ስለሆነ የማጨጃ መኪናው፣ ኮምባይነሩ፣ አይወጣውም። ሐሙስን ለጉዞ ካዋልሁ የሚቀረኝ ዓርብ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ በዚያ አገር ማጭድ አይነሣም፣ ሰኞ ደግሞ የአጥቢያው ታቦት ቀን ነው።

አጫጅ ለምን ጠፋ? ምክንያቱን ስሰማ ደሜ ፈላ። በእህቴ ሰፈር አሥራ ሁለት ጎረምሶች ለዓመታት ወንፈል ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ለአንዱ ያጭዳሉ፣ በማግሥቱ ለሌላው፤ እንዲህ እያሉ ዙሩን ይጨርሳሉ። የእህቴ ልጅ ይበልጣል ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማ ወጥተው የእንግሊዝ ኳስ አዩ። ግማሾቹ የቀዩ ቡድን ደጋፊ፣ ግማሾቹ የሰማያዊው ናቸው። ሰማያዊው አሸነፈ። ተሰዳደቡ፣ አንገት ለአንገት ተያያዙ፣ ሽማግሌ ገላገላቸው። ማክሰኞ ወንፈሉ ለሁለት ተከፈለ። እንግሊዝን አይተው የማያውቁ፣ እንግሊዝም የማታውቃቸው ልጆች፣ በእንግሊዝ ኳስ ተጣልተው የአንዲት መበለት ስንዴ ሜዳ ላይ አስቀሩ!

1 ሰዓት ተኩል፤ መንገድ ላይ

ፀሐይ ወጥታ ስንዴውን ቢጫ አድርጋዋለች። ግራና ቀኝ የታጨደ፣ ያልታጨደ፣ የተከመረ። ከፊት ለፊታችን ገለባ የጫነ ጋሪ እየተወዛወዘ መንገድ ዘጋብን። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ በሌላ እጁ ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችውን የሰማያዊውን ቡድን ባንዲራ ያስተካክላል። ወጣት ነው፤ ሙሉቀን ይሉታል። ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ይህ ቡድን የማን ነው?» አልሁት።

«የኛ ነዋ፣ ፋዘር!»

«ፋዘርህ አይደለሁም። ባለቤቱ ማን ነው?»

«ከዓረብ አገር ነው። የነዳጅ ጌታ።»

«አሠልጣኙስ?»

«እስፔናዊ።»

«በረኛው?»

«ብራዚላዊ ነበር፤ አሁን ሌላ አመጡ፤ እሱም የውጭ ነው።»

«ጎል የሚያገባው?»

«ኖርዌያዊ። ወይ ጉድ፣ ማን ያቆመዋል!»

«እንግሊዛዊ የሚባል የለበትም?»

ሙሉቀን ትንሽ አሰበ። «አለ እንጂ፣ አባባ። ከመስመር ውጭ ቆመው ኳስ የሚያቀብሉት ልጆች።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ማለቴን አልክድም። ቀጥዬ ግን ተናደድሁ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አናጺ ነኝ። ማንበብ የለመድሁት ምስማር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ልጆቼን ለመገሠጽ ስል የስፖርቱን ገጽ ሳላነብ አላልፍም፤ ስለዚህ የምናገረውን አውቃለሁ። አንድ ትንሽ ቡድን፣ በፖርቱጋል ይሁን በሆላንድ፣ አንድ ልጅ ከሴኔጋል ወይም ከኮሎምቢያ አምጥቶ ኮትኩቶ ያሳድጋል። ልጁ መጫወት ሲጀምር ባለነዳጁ ወይም ባለባንኩ መጥቶ ይወስደዋል። ትንሹ ቡድን ገንዘቡን ይይዝና ሌላ ልጅ ፍለጋ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን ማን ይወስዳል? ልጁን የወሰደው። ይህ ውድድር ነው? ገበያ ነው እንጂ! ሁለት ሰዎች በበሬ ሲጫረቱ ቆመን የምናጨበጭብ፣ ከዚያም አልፈን «በሬያችን» እያልን የምንፈነካከት እኛ ነን።

ይህን ሁሉ ለመኪናው ተሳፋሪ ሰበክሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ቄስ «እውነትዎን ነው» አሉ። ሙሉቀን ግን በመስታወቱ እያየኝ፣ «አባባ፣ ለእርስዎም ቢሆን ከደካማ አናጺ ይልቅ ጎበዝ አናጺ ከሌላ ቦታ ከፍለው አያስመጡም?» አለኝ።

«አላስመጣም» አልሁት።

3 ሰዓት፤ ደብረ ኤልያስ

ከመኪና ወርጄ በቀጥታ የቀን ሠራተኞች ወደሚቀመጡበት ጥግ ሄድሁ። ከቆላ የወጡ ስምንት አጫጆች ማጭዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳቦ ይገምጣሉ። አለቃቸው ስማቸው የሚባል ቀጭን፣ ንቁ ሰው ነው።

«ለነገ ትመጣላችሁ?»

«ለነገስ ለአንዲት አሮጊት ቃል ገብተናል፣ ጋሼ። በአምስት መቶ።»

«ቀብድ ተቀብላችኋል?»

«ቀብድ እንኳን አልተቀበልንም።»

«ታዲያ ገና አልተዋዋላችሁም ማለት ነው። እኔ ሰባት መቶ እሰጣለሁ። ለእያንዳንዳችሁ።»

ማኘካቸውን አቆሙ። ስማቸው ሰዎቹን በዓይኑ ቃኛቸው። «ማሳው የት ነው?» አለኝ።

አሮጊቷ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ሌላ ታገኛለች አልሁ በልቤ። እንዲያውም ኮራሁ፤ ጎረምሶቹ በባዶ ፉከራ የበተኑትን ሥራ እኔ በግማሽ ሰዓት ሰበሰብሁት።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት ደርሼ ይበልጣልን አስቀምጬ ገሠጽሁት። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«አጎቴ፣ ነገሩ ኳስ ብቻ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ቀዮቹ እኛን ሰማያዊዎቹን ‹የተገዛ ዋንጫ› ብለው ሰደቡን።»

«ውሸት ነው?»

«እነሱስ አልገዙም? ከኛ የበለጠ አወጡ እኮ፤ መግዛት አያውቁበትም እንጂ!»

ፍርዱ ትክክል ነበር። ስለዚህም ይበልጥ አናደደኝ።

ዓርብ፤ ማሳው ላይ

ገና ሲነጋ ገባንበት። ስምንቱ አጫጆች ተሰልፈው ሲያጭዱ ማየት ደስ ይላል፤ ማጭዱ ሽው ይላል፣ ነዶው ከኋላቸው ይጋደማል። ይበልጣልና እህቴ ነዶ ያስራሉ፣ እኔ እሸከማለሁ። የቀሩት ሰማያዊዎች ተራው ለደረሰ ሌላ አባላቸው ሊያጭዱ ሄደዋል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከእኛ ማሳ አጠገብ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ጎንበስ ቀና ስትል አያለሁ። ትንሽ ማሳ ናት። ደጋግሜ አየኋት፤ ነገር ግን ምንም አላሰብሁም።

ቀትር ላይ የጾሙ ሰዓት ሲያበቃ ሴትዮዋ በሁለት የልጅ ልጆቿ እንስራና መሶብ አሸክማ ወደ እኛ መጣች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ነጠላዋን በወገቧ ያሰረች። እህቴ ስታያት ፊቷ ተለወጠ። «እማማ ትሁን ናት፤ ጎረቤቴ» አለችኝ በዝግታ።

እማማ ትሁን አጫጆቹን አንድ በአንድ ሰላም አለቻቸው። እነሱ ቀና ብለው አላዩአትም። እንስራውን አስቀመጠች።

«ለእናንተ የጠመቅሁት ነው፣ ልጆቼ» አለች። «ስምንት ትመጣላችሁ ብዬ ለስምንት ነው ያዘጋጀሁት። ብቻዬን አልጨርሰውም፣ ይበላሻል። ብሉ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሽሮውንም በጭልፋ እያወጣች እንጀራው ላይ አፈሰሰችው፤ ለእኔም ጠላ ቀድታ፣ «እንኳን ደህና መጣህ፤ የአንጓች ወንድም ነህ አሉ» አለችኝ። ጽዋውን ያዝሁ። መጠጣትም ማስቀመጥም አቃተኝ።

ይበልጣል ከኋላዬ ቀስ ብሎ፣ «አጎቴ፣ እርስዎም የተጫዋች ዝውውር መስኮት ከፈቱ እንዴ?» አለኝ።

በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ። ግን በየት አፌ ነው የምቆጣው? ትናንት ጠዋት በመኪና ሙሉ ሰው ፊት ያወገዝሁትን፣ በዚያው ጠዋት ከመኪናው ወርጄ አደረግሁት። ድሃ ያገኘውን፣ አቅም ያለው መጥቶ ጨምሮ ወሰደበት። ባለነዳጁ ቢያንስ «አሮጊት ናት» ሲባል አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ።

አለቃውን ስማቸውን ጠርቼ፣ «አራታችሁ አሁኑኑ ወደ እማማ ትሁን ማሳ ሂዱ፤ ሰባት መቶውን እኔ እከፍላለሁ» አልሁት። ከዚያም ሌላ ቃል አመለጠኝ፦ «ቃል ገብታችሁ እንዴት ትታችኋት መጣችሁ?»

ስማቸው እንጀራውን አስቀምጦ ቀና አለ። «ጋሼ፣ የእኔ ክንድ የሚሸጠው በዓመት ሁለት ወር ነው። አምስት ልጆች አሉኝ። ሁለት መቶ ብር ሲጨመርልኝ እምቢ ልል ነው? እኔን አይውቀሱ። የጨመረውን ይውቀሱ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከሴኔጋል ተነሥቶ እግሩን ስለሚሸጠው ልጅ ክፉ መናገር ትቻለሁ።

አስቸጋሪዋ እህቴ ሆነች። ወደ ጎን ወሰደችኝ። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«አራቱን ልትሰጣት ነው? ግማሹ እንኳ አልታጨደም!»

«የእሷን ሰዎች ነው የወሰድሁት፣ አንጓች።»

«ያጠፋኸው አንተ። የሚዘንበው ግን በእኔ ላይ ነው። በእኔ ስንዴ ላይ ጻድቅ ልትሆን ነው?»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ እውነት ስለሆነ። ቢሆንም አራቱን ላክሁ። እኔም ማጭድ ተውሼ አብሬ ሄድሁ። ሠላሳ ዓመት እንጨት የላገ ክንድ ስንዴ ማጨድ ረስቷል፤ አንዱ አጫጅ ሦስት ትልም ሲጨርስ እኔ አንዱን አልጨረስሁም። እማማ ትሁን ከኋላዬ የጣልሁትን ዛላ እየለቀመች፣ «ዝቅ በል፣ ልጄ፤ ቁመትህን ለቅዳሴ አስቀምጠው» ትለኛለች።

ቀና ስል ይበልጣል ከእናቱ ማሳ ወጥቶ ሲሮጥ አየሁት። «ወዴት?» ብዬ ጮህሁ። «ቀዮቹ ጋ!» አለ ሳይዞር። ከስድስቱ ሁለቱን ይዞ ተመለሰ። አንደኛው ወደ ማሳው እየገባ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የመጣነው ለእትዬ አንጓች ነው፤ ለሰማያዊ አይደለም! ይመዝገብ!» አለ። ይበልጣል፣ «ዝም ብለህ እጨድ፤ ነገ ኳሱ ላይም እንዲሁ ነው የምታጎነብሱት» አለው። ከዚያ በኋላ እየተሰዳደቡ አጨዱ። ስድቡ ፍጥነት ጨመረላቸው።

ዝናቡ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። የእማማ ትሁን ማሳ አልቆ፣ ተከምሮ፣ ሸራ ለብሷል። የእህቴ ሩቡ ያህል እንደ ቆመ ዘነበበት። ነፋሱ መሬት ላይ አስተኛው። አንጓች ዝናብ ውስጥ ቆማ አየችው። ግቢ ስንላት አልገባችም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፤ መመለሻ

እህቴ ስንቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ አላነጋገረችኝም። ያልታጨደው ስንዴ አጠገብ ስናልፍ ሁለት ዛላ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችና ፍሬውን በዓይኗ መረመረችው። ረጥቧል፤ ዛሬና ነገ ፀሐይ ካገኘ ይተርፋል፣ ካላገኘ ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ማጭድ አይነሣም። ምንም ማድረግ አልቻልንም።

ደብረ ማርቆስ የደረስሁት ከቀትር በኋላ ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ኳስ ሊያዩ እየወጡ ነበር። እንደ ወትሮው በር ላይ አስቁሜ ልሰብክላቸው ነበር። ይልቁንስ ተቀመጡ አልኋቸውና ያደረግሁትን ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ አዳመጡኝ፤ ከዚያም ሄዱ።

አንባቢ እንዲሳሳትብኝ አልፈልግም። የእኔ መበላሸት እነዚያን ባለጸጎች አያነጻቸውም። የድሃ አገር ልጅ እየለቀሙ፣ የትንሹን ቡድን ድካም እየነጠቁ «ሻምፒዮን» መባላቸው ዛሬም ያናድደኛል። ነገር ግን ነገሩ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ትንሽ ብር፣ ልቤ ውስጥ ትንሽ ጭንቀት ነበረ፤ ያንኑ ለማድረግ ይህ በቃኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኬ ጠራ። አንጓች ናት።

«ፀሐይ ወጥታለች» አለች። ድምፅዋ ገና አልለዘበም። «ማክሰኞ የቀረውን እናጭዳለን። ዓርብ የመጡት ሁለቱ ልጆች ሌሎቹን ቀዮች አሳምነዋል። አሥራ አንድ ናቸው፤ አንዱ ታሟል። በእሱ ቦታ አንተ ትገባለህ። ማጭድ ይዘህ ና፤ ብር አታምጣ።»

«እኔ እኮ እንደምታውቂው ቀርፋፋ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ደግሞ ወንፈል ከገባህ ተራ ይደርስሃል። የምታሳጭደው ማሳ የለህም። ስለዚህ ተራህን ለእማማ ትሁን ሰጥቻታለሁ፤ ውቂያ ሲደርስ አሥራ ሁለታችሁም ወጥታችሁ ትወቁላታላችሁ። ሳልጠይቅህ ነው የሰጠኋት። ቅር አለህ?»

«አላለኝም» አልኋት፤ ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ ሆና የሰማችው ሚስቴ ማጭድ ከየት እንደሚገዛ እየጠየቀችኝ ነበር።