ቀጭኑ ዘይት

ካርቱም ውስጥ ስለ ሞተር ዘይት የሚመክረው ያጣ ሰው አላየሁም። ሾፌሩም፣ ባለሱቁም፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠዋም ሴት ሳትቀር ይመክራሉ። ምክሩ አንድ ነው፤ «አገሩ ሞቃት ነውና ወፍራም ዘይት አድርጊ።» ማረጋገጫውም አንድ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያሹታል፤ ከዚያ ጣቶቻቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ያዩታል። ከተዝለገለገ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ከተበጠሰ «ይኼ ውሃ ነው» ይባላል። እኔ በዚህ የጣት ሕግ አልተዳደርም ስል ሃይማኖት የለወጥኩ ያህል ነው ያዩኝ። ይዩኝ። በኋላ ጦርነቱ መጥቶ ከተማውን ጥለን ስንወጣ፣ ከነጓዛችን ያወጣችን ያችው በቀጭን ዘይት የምትሄደው መኪና ናት።

መኪናዋ የሁለት ሴቶች ነበረች። አንዷ እኔ ነኝ። ወላጆቼ በፖለቲካ ከኢትዮጵያ ተሰደው የመጡ ናቸው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው ተማርኩ፣ ስናደድ አማርኛዬ ይጠፋብኝና በዓረብኛ እጨርሰዋለሁ። ትምህርቴ ሥራ ስላላስገኘልኝ መሪ ጨበጥኩ። ሁለተኛዋ ከወሎ የመጣች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ጀብራ በሚባል የካርቱም ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት ለዓመታት በሠራተኝነት የኖረች ሴት ናት። እታለም ነው የምላት። ያላትን ካለኝ ጋር አዋጥተን፣ ከአውሮፓ የተመለሰ አንድ ሱዳናዊ ይዞት የመጣውን ዘመናዊ የናፍታ ፒካፕ ገዛን። እሷ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ፉልና ምስር ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ቡሪ ሰፈር ወዳለ የሕንፃ ግንባታ አደርሳለሁ። ሠራተኞቹ ፈቱር የሚሉትን የረፋድ ቁርሳቸውን የሚበሉት ከእኛ ድስት ነበር።

መኪናዋ ከቆመች እታለም ወዴት እንደምትመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። የጀብራዋ እመቤት መደወል አልተወችም ነበር። ስልኩ ሲጠራ እታለም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆማ ነው የምታነሳው። «ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ ንግዱ ሲሰለችሽ ነይ» ትላታለች ሴትዮዋ፤ ድምጿ ለስላሳ ነው። እታለም ስልኩን ዘግታ ወደ ድስቷ ትመለሳለች። እምቢ አለማለቷ ያናድደኝ ነበር።

ጣጣው የጀመረው እኔ በሌለሁበት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ተሰልፌ በዋልኩበት ቀን፣ እታለም ልታስደስተኝ ፈልጋ የሰፈሩን መካኒክ ጠርታ ዘይት አስቀየረች። መካኒኩም እንደ አገሩ ወግ ምርጥ የሚባለውን ወፍራም ዘይት ሞላላት። ማታ ስመለስ ያልጠየቅኩት የለም፤ የዘይቱን ዓይነት ግን «ጥሩውን ነው» ብላ አለፈችው፤ ቆርቆሮውን መካኒኩ ይዞት ሄዷል።

የእኛ መኪና እንደ ሰፈሩ አሮጌ ፒካፖች አልነበረችም። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ላይ የጭሱን ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላት። ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ራሱ ናፍታ ጨምሮ ይረጭና ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ከሞተር ዘይቱ የሚመጣው አመድ ግን አይቃጠልም፤ እዚያው እየተከማቸ ማጣሪያውን ያፍነዋል፣ ማቃጠሉንም ያደጋግመዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞተር የሚፈልገው ቀጭንና አመዱ ትንሽ የሆነ ዘይት ነው። ሌላም ጠንቅ አለ። ማቃጠሉ ሳያልቅ ሞተሩን ካጠፉት፣ የተረጨው ናፍታ ወደ ታች ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። እኛ ደግሞ ናፍታ በሰልፍ ነበር የምናገኘው፤ ቆም ባልን ቁጥር ለቁጠባ ብለን እናጠፋለን።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ድልድዩ መሃል ላይ ቢጫ መብራት በራ። ወዲያው መኪናዋ አቅም አጣች፤ ነዳጁን ብረግጥም እንደ ደከመች አህያ ትጎተታለች። ከኋላዬ ጥሩንባው ቀለጠ። ቡሪ ስደርስ ሠራተኞቹ የሻይ ዳቦ በልተው ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር። ተቋራጩ ድስቶቹን አይቶ «ለዛሬ ምንም አይደል። ቅዳሜ ከዘገያችሁ ግን ሌላ ሰው አለኝ» አለኝ። አልጮኸም፤ ባይጮህም የሚያደርገው ሰው ነው።

ቤት እንደገባሁ ኮፈኑን ከፍቼ ዘንጉን መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፏል። አሸተትኩት፤ ናፍታ ናፍታ ይላል። እታለም አጠገቤ ቆማ ፈገግ አለች።

«አየሽው አይደል?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሰው መኪና ዘይት ይበላል፤ የኛ ይጨምራል። ማሻአላህ፣ በረካ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ቆየሁ እኮ ካየሁት። ለአንቺም ያልነገርኩሽ እንዳይሸሽ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ለክቼውም አላውቅ።»

በአገሯ እንደዚያ ነው። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል የበረከተ ከመሰለ አይሰፈርም፣ አይወራም፤ ከለኩት በረካው ይነሳል። እሷም የጎተራውን ወግ ይዛ ወደ ሞተሩ መጣች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ይኼኔ ነው። ናፍታው ዘይቱን እያቀጠነ ሞተሩን ሊበላው፣ እኛ በረካ ገባልን ብለን ዝም ብለን ኖረናል። ነገሩን ሳስረዳት ፊቷ ጠቆረ፤ መካኒኩ የሞላው ወፍራሙን መሆኑንም ያኔ ነገረችኝ።

«በኔ ነው በይኛ» አለች።

«በአንቺ አይደለም።» ይህን ስላት ከልቤ ነበር። ንዴቴ በሙሉ ጣቱን እያሸ ወፍራም አድርጉ በሚለው ከተማ ላይ ነበር።

ያኑ ዕለት ከሰዓት ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድናት። ባለቤቱ ሁሉም ኡስታ፣ ማለት የሙያ አለቃ፣ የሚሉት ሽበታም ሱዳናዊ ነው። መኪናዋን ዞሮ አያትና ማርሚታውን በመፍቻ መታ መታ አደረገው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይህን ማጣሪያ ቆርጠን እንጣለው፣ ኻላስ። ከዚያ ወፍራም ዘይት ትሞያለሽ። ይህች መኪና ለበረዶ አገር የተሠራች ናት። የኛ ጃዝ ቆሻሻ ነው፣ የኛ ሙቀት ደግሞ ሙቀት ነው።»

ጃዝ የሚሉት ናፍታውን ነው። ስለ ቆሻሻው አልዋሸም፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው ሁሉ የሚሰማው። እኔ ግን ማጣሪያው እንደማይቆረጥ ነገርኩት። በውጭ ያለው ሙቀት ምንም ቢሆን ሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ያን ያህል እንደማይለያይ፣ ራዲያተር የተሠራው ለዚሁ እንደሆነም ነገርኩት። አጠገቡ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሳቁ። አንዱ «ሐበሺያዋ ኡስታውን ልታስተምር መጣች» አለ። እኔም ኡስታው ከፈለገ እንደሚማር፣ ካልፈለገም ዘይቱን አፍስሶ እኔ የማመጣውን እንዲሞላ ብቻ ነገርኩት።

ቁረጡት መባል ሰልችቶኝ ነበር። በዚያ አገር ስንኖር ያልተመቸ ነገራችንን ሁሉ ቁረጡ ስንባል ነው የኖርነው፤ ስማችሁን አሳጥሩ፣ አነጋገራችሁን አስተካክሉ፣ ወረቀታችሁ ካልሞላ ዝም በሉ። ያቺ መኪና የመጀመሪያዋ ሙሉ ንብረቴ ነበረች። ጎዶሎ ላደርጋት አልፈለግኩም።

መኪናዋን እዚያው ትተን ትክክለኛውን ዘይት ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንዱ የጠየቅኩትን ቀጭን ዘይት አያውቀውም። ሌላው «ከዚህ የሚበልጥ አለ» እያለ ከነበረው የወፈረ ያወጣል። አንደኛው ትክክለኛ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ አቀረበልኝ፤ ክዳኑን ስመረምረው ማሸጊያው ተከፍቶ በማጣበቂያ የተመለሰ ነው፤ አሮጌ ዘይት አጣርተው ይሞሉበታል። መለስኩለት። «ወላሂ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ማለ። እኔም መሐላው ሞተር እንደማያለሰልስ ነገርኩት። በመጨረሻ አንድ ብዙ የማያወራ ሰው አቧራ የጠጣ ግን ያልተነካ ቆርቆሮ ከመደርደሪያ ጥግ አወረደልን። አነስተኛ አመድ ያለው፣ ማጣሪያ ላለው ናፍታ ሞተር የሚሆን፣ መኪናዋ የምትጠይቀው ቁጥር። እታለም ቆርቆሮውን ተቀብላ እንደ ሕፃን ታቅፋው ጋራዥ ደረስን።

ኡስታው አሮጌውን ሲያፈስሰው እንደ ውሃ ወረደ። የዘይቱን ፊልትሮም ቀየረ። አዲሱን ሞልቶ ዘንጉን ሲያይ ከላይኛው ምልክት ትንሽ ጎደለ። ሳይጠይቀኝ ከራሱ በርሜል ወፍራሙን በጣሳ ቀድቶ መጣ። መዳፌን በዘይት መጨመሪያው አፍ ላይ ደፋሁት።

«እጅሽን አንሺ፣ ለሙሌት ነው፤ በነፃ ነው» አለኝ።

«በሁለቱ ምልክቶች መሃል ነው። ይበቃል።»

ጣሳው ዘንበል እንዳለ ቆየ፤ የተወሰነው በእጄ ጀርባ ላይ ፈሰሰ። እጄን አላነሳሁም። በመጨረሻ ጣሳውን መለሰና «በገመድ ተጎትታችሁ ትመጣላችሁ። በሩ ክፍት ነው» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ከልቡ ያምን ነበር።

መብራቱ ግን ዘይት ስለተቀየረ ብቻ አይጠፋም። ጥላሸቱ እንዲቃጠል መኪናዋ ባንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ሳትቆም ረጅም መንገድ መሄድ አለባት። ዓርብ ጠዋት እታለምን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ መዳኒ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። መብራቱ ካልጠፋ ነገ ቡሪ በሰዓቱ እንደማንደርስ፣ ካልደረስንም ተቋራጩ ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ነገርኳት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ። ራሷ ግን የተጠቀለለችበትን የቶቧን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ነበር።

ኬላ ላይ ፖሊስ አስቆመን። ወረቀት ጠየቀና «ሞተሩን አጥፊው» አለ።

«ያ ጀናቡ፣ ካጠፋሁት አይነሳም» አልኩት። ውሸት ነበር፤ ግን ቁልፉን አልነካሁትም። ወረቀቶቹን በመስኮት ሰጠሁት። አንዴ እኔን አንዴ መኪናዋን አየና «ያላ፣ ሂዱ» ብሎ እጁን አወዛወዘ። አልፈን ሄድን። ከተማው አልቆ ግራና ቀኙ እርሻ ሆነ። ከኋላችን የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ፤ ማጣሪያው ሥራ መጀመሩን ተስፋ አደረግኩ። ቢጫው መብራት ግን አሁንም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፈራሁ። ኡስታው እውነቱን ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝና በዓረብኛ ሰደብኩት።

ይኼኔ የእታለም ስልክ ጮኸ። የጀብራዋ እመቤት ናት። እታለም ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ድምጹን ለቀቀችው።

«ክፍልሽን አስጠርጌዋለሁ» አለች ሴትዮዋ። «በአንቺ ቦታ የገባችው ልጅ ሄዳብኛለች። ዛሬ ትመጫለሽ ወይስ ነገ?»

እታለም ወደ መብራቱ አየች። እኔም አየሁት። እዚያ ብትሄድ ለአንድ ሳምንት እንኳ መጠለያ ይሆናት ነበር፤ በሩን ከዘጋችው ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ በያት ልላት አፌን ስከፍት፣ እታለም በዓረብኛ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች።

«ማማ፣ እኔ አልመጣም። ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው። ለምትመጣው ልጅ ግን፣ መቆለፊያውን ከውጭ አስነቅለሽ ከውስጥ አድርጊላት።»

ከውጭ ይቆለፍባት እንደነበር እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። አብረን አንድ ቤት ተኝተን፣ ከአንድ ድስት በልተን፣ አልነገረችኝም። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ማለት ስትጀምር እታለም ስልኩን ዘጋችው።

«እታለም፣ መብራቱ እኮ ገና አልጠፋም» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለችኝ። «ንጂ።»