ጣቴ የዘለለው መስመር

ያን ቀን ከገበያ ስመለስ ውሃው ራሱ በር ላይ ተቀበለኝ። ከጣሪያው በላይ ካለው ታንከር የሚወርደው ቧንቧ ተገንጥሎ ኖሯል፤ የሳሎኑ ኮርኒስ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፣ ምንጣፉ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቴሌቪዥኑ በአፍጢሙ ተደፍቷል። አማቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሃሉ ላይ ቆመዋል፤ ውሃውን በሳፋ እየዛቁ በመስኮት ይደፋሉ።

«እማዬ! ደህና ነዎት?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! ይልቅ ጫማሽን አውልቂ፣ ይበላሽብሻል።»

አማቴ ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ የሞያሌን መንገድ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ቤቱ የእኔና የእሳቸው ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ አንድ ጠባይ አላቸው፦ ሸክም የሆኑ ከመሰላቸው ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው «በሉ፣ ወደ አገሬ» ይላሉ። አንዴ ብርጭቆ ስለሰበሩ ብቻ ቋጥረዋል። እኔ እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ያንን ቋጠሮ ባየሁ ቁጥር እናቴን ዳግም የማጣ ይመስለኛል።

ቤቱን በባንክ ብድር ስንሠራ ግዴታ ነው ተብለን ኢንሹራንስ ገብተን ነበር። ውሉም ቧንቧ ፈንድቶ ለሚበላሽ የቤት ዕቃ ካሳ ይከፈላል ይላል። መሃል ከተማ ወዳለው ቢሯቸው ሄጄ አመለከትኩ፤ «ነገ ጉዳቱን የሚያይ ባለሙያ እንልካለን» አሉኝ። እኔ ግን ለአማቴ የነገርኳቸው «ነገ ከኢንሹራንስ እንግዳ ይመጣል» ብዬ ነው።

እንግዳ! ምነው ምላሴን በቆረጠው።

በማግስቱ ገበያ ያለውን ሱቄን ዘግቼ ስደርስ ቤቱ ለሠርግ የተዘጋጀ ይመስላል። አማቴ ጎረቤቶቹን ሁሉ አስነስተው ኖሯል። የወደቀው ኮርኒስ በቆሻሻ ጋሪ ሄዷል፣ ምንጣፉ ታጥቦ ጓሮ ተሰጥቷል፣ ቴሌቪዥኑ ተወልውሎ ዳንቴል ለብሷል፣ ሶፋው የጎረቤት አልጋ ልብስ ደርቧል። ባለሙያው፣ አንድ ለግላጋ ወጣት፣ ፊቱ ቡርሳሜ ቀርቦለት ቅቤው ከቆጮው ላይ እየተንጠባጠበ ይበላል።

«እማማ፣ ጉዳቱ እንዴት ነው ታዲያ?» አላቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ምንም አልሆንን! ተመስገን ነው። ውሃ አይደል? ይደርቃል። ብላ እንጂ!»

«እማዬ!» አልኩ።

«ምነው? ሰው ደጃችን ድረስ ሊጠይቀን መጥቶ እዬዬ ልበልበት?»

የአልጋ ልብሱን ገልጬ ሶፋውን ጨመቅኩለት፤ እርጥብ ነው፣ ግን ያን ጠዋት የታጠበ ነው የሚመስለው። ቴሌቪዥኑ አልበራም አለ፤ በውሃ ይሁን በእርጅና ማን ያውቃል? ፎቶ አንስቼ እንደሆን ጠየቀኝ። ያኔ ፎቶ ማን ያስታውሳል! ጻፈ፣ ጻፈና በአማቴ ተመርቆ ሄደ።

ደብዳቤው ሲመጣ አማቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። «አንብቢልኝ» አሉ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት የቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ መስመሩን በጣቴ ካልተከተልኩ ማንበብ አልችልም።

«ባለሙያችን በቦታው ተገኝቶ ባደረገው ምልከታ ለካሳ የሚያበቃ ጉዳት አልታየም» ብዬ አነበብኩ። ቀጥሎ ያለው «በቤቱ የተገኙት እናትም ምንም ጉዳት እንዳልደረሰ በቃላቸው አረጋግጠዋል» ይላል። ቋጠሮው ታየኝ። ዘለልኩት። «ስለሆነም ጥያቄዎን ያልተቀበልን መሆኑን እንገልጻለን።»

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጣት ግን አያለሁ። ጣትሽ እዚህ ጋ ዘለለ።» ሽንኩርት የሸተተ ጣታቸውን ልክ መስመሩ ላይ አሳረፉት።

«ተራ ነገር ነው፣ እማዬ።»

«እስቲ ተራውን አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። ቢላዋቸውን አስቀምጠው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ተከትዬ ስገባ ነጠላቸው አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ጋቢያቸው፣ ቀሚሳቸው፣ ሁሉም እላዩ ላይ ነው።

«በእኔ አፍ ነው የዕቃሽ ካሳ የቀረው» አሉ፤ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጫፍና ጫፉን ያስራሉ።

«ይሂዱ! እኔም ለኢንሹራንሱ አዲስ ማመልከቻ እጽፋለሁ» አልኩ።

«ምን ብለሽ?»

«ያኔ ያልታየው ጉዳት ዛሬ ደርሶብኛል ብዬ።»

እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቆመ። ዞረው አዩኝ። አማቴ ሲስቁ ከትከሻቸው ነው የሚጀምሩት፤ ትከሻቸው ተነቃነቀ።

«ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ጨምሬለት ነው የበላው» አሉ። «እሱንስ ጽፎታል?»

«አልጻፈም።»

«አየሽ? የእሱም ጣት ዘሏል!»

ቋጠሮውን ፈቱና ጋቢያቸውን መዘው ወጡ። ሶፋው ላይ፣ ውሃው ያጠቆረው ቦታ ላይ አነጠፉት፤ ከዚያም እላዩ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርቱን አምጪልኝ አሉ።