ቀዳዳውን የገፋችው ግመል

ኢፍራህ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የብረት ሥራ ወርክሾፕ የማሽን ዕቃ በኮምፒውተር ትነድፋለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት ንድፍ ማለት ጠመኔ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ልጅና ብረት በማሽን የሚቀረጽበት የቶርኖ ቤቱ አንጋፋ የሆኑት ጋሽ ሽመክት ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው ዕቃውን በልኩ ይስሉታል። ወለሉ ከተጠረገ ዕቃው ጠፋ ማለት ነው።

ባለቤቱ ኢስማዒል የቱ መንገድ እንደሚሻል ለመፍረድ አንድ ሥራ መረጠ። የለውዝ ቅቤ የሚያዘጋጁት የአዴ ሃዎ መፍጫ የዘንግ መያዣው ተሰብሯል።

«ይሄ ከገጠመ አንቺም ኮምፒውተርሽም ትቀጥላላችሁ» አላት ኢፍራህን። «ካልገጠመ፣ አቦ፣ ጠመኔ ርካሽ ነው።»

አሁን ባጃጅ አስቡ። ከፊት ብታዩት መስታወቱና ሹፌሩ ይታያሉ። ከጎን የሹፌሩ ክርንና የተሳፋሪው ዘንቢል፣ ከላይ ደግሞ ሸራ ብቻ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ግን ባጃጅ አይሆንም። ስለዚህ ነዳፊ የፊቱንና የጎኑን እይታ በአንድ መስመር ጎን ለጎን ያሰልፋል። የፊት መብራቱ በፊት እይታው ላይ የትኛውም ከፍታ ላይ ቢሆን፣ በጎን እይታውም እዚያው ከፍታ ላይ ይውላል። እንዲህ ከተሰለፉ ቁጥሩን አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል፤ ሌላውን መስመሩ ራሱ ይናገራል።

ደስ የሚለው ደግሞ ፕሮግራሙ ይህን ማወቁ ነው። የፊቱን እይታ ወደ ላይ ስትጎትቱት የጎኑ እንደ ጫጩት ይከተለዋል። የጎኑን ብቻ ከጎተታችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ላይ እሺ አይልም። ይህን ማሰሪያ የሚፈታ አንድ ትእዛዝ ግን አለ። ኢፍራህ ግመሏ እስክትመጣ ድረስ ነክታው አታውቅም።

ግመሏ በየንድፉ ላይ የምትገባ የወርክሾፑ ማኅተም ናት። ኢፍራህ ንድፉን በትክክለኛ ልኩ አውጥታ ስትጨርስ ኢስማዒል ከትከሻዋ ኋላ ቆሞ አየ።

«ግመሌ የት አለች?»

«ቦታ ጠበበ።»

«ፈልጊላት። ትልቅ ትሁን።»

ኢፍራህ ማሰሪያውን ፈታች፣ የጎኑን እይታ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አደረገች፣ ግመሏን ከሥሩ አስገባች።

በማግስቱ ጋሽ ሽመክት በንድፉ መሠረት የሠሩት መያዣ አዴ ሃዎ ቤት ደረሰ። ዘንጉ በትልቁ ቀዳዳ ገባ። ከጎን የሚገባው መቆለፊያ ቡሎን ግን ዘንጉ ላይ ያለውን ጎድጓዳ ሳተው፤ ቀዳዳው ከፍ ብሎ ነው የተበሳው።

«ቡሎኑ የኛን ትቶ የጎረቤት በር ነው የሚያንኳኳው» አሉ አዴ ሃዎ።

ኢፍራህና ጋሽ ሽመክት ወርክሾፕ ተመለሱ። ኢፍራህ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጋሽ ሽመክት፣ የቡሎኑን ትንሽ ቀዳዳ ከፍታ ከየት አገኙት?»

«ቁጥር አልጻፍሽበትም። ማስመሪያ አስተኛሁ።»

የብረት ማስመሪያቸውን በፊት እይታው ላይ በትልቁ ቀዳዳ መሐል አድርገው እስከ ጎኑ እይታ ዘረጉት። ትንሹ ቀዳዳ ከማስመሪያው አራት ሚሊ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ እሳቸውም ብረቱን እዚያው ከፍታ ላይ በስተውታል። «አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ዓይን ይስታል፣ ማስመሪያ አይስትም።»

ኢፍራህ ዝቅ ብላ በጎኑ እይታ ላይ የዕቃውን መሠረት አየች። እሱም አራት ሚሊ ከፍ ብሏል።

«መሠረቱም እኮ ከፍ ብሏል። አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ። የኮምፒውተር ፋሽን ይሆናል ብዬ አለፍኩት።»

ኢስማዒል ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። «እሺ፣ ማነው የሳተው?»

ኢፍራህ ጠመኔው ያለበትን ጣሳ አየች። በጋሽ ሽመክት ማሳበብ ቀላል ነበር።

«ግመሏ ናት» አለች። «ለእሷ ብዬ እይታውን ከመስመሩ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። እሳቸው መስመሩን አመኑ፤ መስመሩ ነው የዋሸው።»

«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይባላል» አሉ ጋሽ ሽመክት። «ይቺ ልጅ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ተናገረች።»

«የኔ ግመል?» አለ ኢስማዒል። ወረቀቱን ትንሽ አየና ጉሮሮውን ጠራረገ። «እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አላችሁ።»

ኢፍራህ ፋይሉን ከፈተች፣ እይታውን መልሳ ከፊተኛው ጋር አሰለፈችው። ስክሪኑ ላይ አራት ሚሊ ወርዶ መስመሩ ውስጥ ቁጭ አለ። ግመሏን ወደ ጥግ ወስዳ አሳነሰቻት። አዲሱ ወረቀት ሲወጣ ጋሽ ሽመክት ማስመሪያቸውን አስተኙ፤ በሁለቱም ቀዳዳ መሐል አለፈ።

«እኔም እኮ ወለሉ ላይ እንዲህ ነው የምሠራው» አሉ እየሳቁ። «አንዱን መስመር በሁለቱ አሳልፌ።»

«ስለዚህ የሚለያየን ጠመኔው ብቻ ነው።»

«መንበርከኩንም ቁጠሪው እንጂ።»

አሥር ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ መያዣ አዴ ሃዎ ቤት ተገጠመ፤ ቡሎኑም ጎድጓዳውን አገኘ። መፍጫው ዞረ፤ አዴ ሃዎ የመጀመሪያዋን የለውዝ ቅቤ በጣታቸው ቀምሰው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ወርክሾፕ ውስጥ ኢስማዒል የጠመኔውን ጣሳ በእግሩ ገፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው። ከዚያ አዲሱን ንድፍ አንስቶ ዓይኑን አጠበበ።

«ግመሌ ከሳች።»

«አልከሳችም» አሉ ጋሽ ሽመክት ማስመሪያቸውን በጨርቅ እየወለወሉ። «ርቃ ሄዳ ሁርሶ ከተማ ደርሳ ነው ትንሽ የምትታየው።»